ምርኩዝና ፈረስ፦ የሞተር ብስክሌት መቆሚያ ታሪክ

ሞተር ብስክሌት ብቻውን መቆም የማይችል ተሽከርካሪ ነው። ስለ ሞተሩና ስለ ፍጥነቱ ብዙ ቢጻፍም፣ ይህን ጉድለት ስለሚሸፍንለት የብረት እግር የሚጽፍ ጥቂት ነው። ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባክ በ1885 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በጀርመን፣ ካንሽታት ውስጥ የሠሩት ባለ እንጨት አካል የሙከራ ተሽከርካሪ መቆሚያ አላስፈለገውም፤ በግራና በቀኙ ሁለት ትናንሽ ደጋፊ ጎማዎች ነበሩትና። ያ ተሽከርካሪ በ1903 ፋብሪካው ላይ በደረሰ ቃጠሎ ጠፍቷል፤ ዛሬ በየሙዚየሙ የሚታዩት ቅጂዎቹ ናቸው። ደጋፊ ጎማዎቹ በኋለኞቹ ሥሪቶች ሲቀሩ ግን ጥያቄው ተነሣ፦ ባለቤቱ ሲወርድ ይህን ሁሉ ብረት ምን ይዞት ይቆማል? ጎማው መንገድ ላይ ቢተነፍስስ ማን ያነሣለታል?

የመቆሚያው ስም በየቋንቋው መለያየቱ ራሱ አንድ ነገር ይናገራል። ፈረንሳዮች “ቤኪይ” ይሉታል፤ ምርኩዝ ማለት ነው። ጣልያኖች ደግሞ “ካቫሌቶ”፣ ማለትም ትንሽ ፈረስ ብለውታል፤ ሰዓሊ ሸራውን የሚያስደግፍበትን ባለ እግር እንጨት የሚጠሩትም በዚሁ ቃል ነው። ምርኩዝ ለማረፍ ነው፤ የሠዓሊው ፈረስ ግን ለመሥራት ነው። የመቆሚያው ታሪክም በእነዚህ በሁለቱ አሳቦች መካከል ሲመላለስ የኖረ ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ የሞተር ብስክሌት ባለቤት የሆነ ሰው፣ ወደደም ጠላም፣ መካኒክ ነበር። መንገዱ ከፈረስ ኮቴ የረገፈ ሚስማር የሞላበት፣ ጎማውም ዛሬ ከምናውቀው እጅግ የሳሳ ነበር። በ1907 በማን ደሴት በተካሄደው የመጀመሪያው “ቱሪስት ትሮፊ” ውድድር፣ በባለ ሁለት ሲሊንደር ምድብ ያሸነፈው ሬም ፋውለር የፊት ጎማው ፈንድቶበት ወድቋል፤ ካንዴላ እየለወጠ፣ ቺንጊያ እየጠገነ ነው ከመጨረሻው የደረሰው። አሸናፊው እንዲህ ከሆነ ተራው ተጓዥ ምን ያህል ይለፋ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ስለዚህም የዚያ ዘመን መቆሚያ የተሠራው ለማሳረፍ ሳይሆን ለመሥራት ነበር። ከኋላው ጎማ ዘንግ አጠገብ የሚታጠፍ፣ ባለ ሁለት እግር ቅስት ብረት ነው፤ በጉዞ ጊዜ ወደ ላይ ተመልሶ ከፓራፋንጎው ጫፍ ጋር ይያያዛል። ሲወርድ የኋላው ጎማ ከመሬት ይነሣል፤ ባለቤቱም ጎማውን ፈትቶ የውስጡን ይለጥፋል። ፍሪሲዮን ባልነበራቸው ቀደምት ሞተሮች ሌላም አገልግሎት ነበረው፦ አሽከርካሪው ጎማው በአየር ላይ እያለ ፔዳሉን በመምታት ሞተሩን ያስነሣ ነበር። የእንግሊዝ ፋብሪካዎችማ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ለፊተኛውም ጎማ መቆሚያ አበጁለት፤ የፊት ፓራፋንጎውን የሚደግፈው ብረት ቡሎኑ ሲፈታ ወደ ታች ወርዶ እግር ይሆናል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለእንግሊዝ ጦር በብዛት የተሠራው ቢ.ኤስ.ኤ. ኤም 20 ከፊትም ከኋላም እንዲህ ያለ መቆሚያ ነበረው። ወታደሩ ጋራዥም ክሪክም ሳያሻው ሁለቱንም ጎማዎች መፍታት ይችል ነበር። ከዚያ ወዲህ በተሠሩ ሞተሮች ይህን ያህል ለባለቤቱ የታሰበለት ማግኘት ይከብዳል።

ከጦርነቱ በኋላ የኋላ ጎማ በሞላ ላይ መንሳፈፍ ጀመረ። በ1950 የኖርተን ፋብሪካ ለውድድር ያወጣው፣ የቤልፋስቱ ሬክስ ማካንድለስ የነደፈው ሻንሲ ለዚህ ለውጥ ፈር ከቀደዱት አንዱ ነው። (ጆን ዳንሎፕ በአየር የሚነፋውን ጎማ የሠራውም በዚያችው በቤልፋስት ነበር።) የኋላው ዘንግ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ደግሞ መቆሚያን እዚያ ማንጠልጠል አይመችም። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ቀድሞም ይታይ የነበረው ማዕከላዊ መቆሚያ ቦታውን የያዘው በዚህ ጊዜ ነው።

ማዕከላዊው መቆሚያ በጉልበት የሚሠራ ይመስላል እንጂ አይደለም። እግሮቹ ከሻንሲው ሥር፣ ሞላ ወደ ኋላ ስቧቸው ተኝተው ይቀመጣሉ። አሽከርካሪው በጫማው ገፍቶ ሁለቱም እግሮች እኩል መሬት መንካታቸውን ያረጋግጥና በመርገጫው ላይ ሙሉ ክብደቱን ያሳርፋል፤ እጆቹ መሪውንና የኋላውን መያዣ የሚጨብጡት ለማንሣት ሳይሆን ለማቅናት ነው። ሞተሩ ጥቂት ወደ ኋላ ተንከባሎ ከፍ ይላል፤ እግሮቹ ቀጥ ከሚሉበት ነጥብ ጥቂት አልፈው ሲገቱም የሞተሩ ክብደት ራሱ ይቆልፋቸዋል። ዘዴውን ያላወቀ ጎልማሳ ወገቡን ይታመማል፤ ያወቀች ቀጭን ልጅ ግን ከ200 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሞተር ታቆማለች። በ1958 የወጣው የሆንዳ ሱፐር ከብም፣ በ1969 የወጣው ባለ አራት ሲሊንደሩ ሲቢ 750ም ይህን መቆሚያ ይዘው በዓለም ተሰራጩ።

ከ1980ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ግን ፋብሪካዎች ማዕከላዊውን መቆሚያ ከፈጣን ሞተሮች ላይ ያነሡት ጀመር። ክብደት ይጨምራል፣ በመታጠፊያ ላይ መሬት ይነካል፣ የጭስ ማውጫውን ቦታ ይሻማል ተባለ። ምክንያቶቹ ሐሰት አይደሉም፤ ዳሩ ግን ከበስተጀርባቸው ያለው ግምት ባለቤቱ ሞተሩን ወደ ጋራዥ ይወስዳል እንጂ በግቢው አይፈታም የሚል ነው። ቀረለት የተባለው ምርኩዙ፣ የጎን መቆሚያው ብቻ ነበር። ፈረሱን ከገበያ መግዛት ግድ ሆነ፦ የኋላውን ክንድ ከግራና ከቀኝ ይዞ በረጅም እጀታ የሚያነሣው የውድድር ሜዳ ማንሻ ወደ መኖሪያ ቤት ገባ። የኋላ ጎማቸው በአንድ ክንድ ብቻ ለተያዘ፣ እንደ 1994ቱ ዱካቲ 916 ላሉት ደግሞ ባዶ በሆነው ዘንግ ውስጥ የሚገባ ባለ ዘንግ ማንሻ ተሠራ። ከፊት ሲሆን አንዱ ዓይነት ከፎርኬላው ግርጌ፣ ሌላው ከመሪው አንገት ሥር ይደግፋል፤ ፎርኬላውን ራሱን ማውለቅ ለሚፈልግ የሚጠቅመው ሁለተኛው ነው። ሁልጊዜም ኋላው ይቀድማል፣ ፊቱ ይከተላል፤ ሲወርድ በተቃራኒው ነው። ማንሻ የሌለው ሰው የቢራ ሣጥን ወይም ድንጋይ ከሞተሩ ሥር መደርደሩ የተለመደ ነው፤ በዚህም የዘይት ቋቱ የተሰነጠቀበት፣ እግሩም የተቀጠቀጠበት አለ።

ፈጣኖቹ ሞተሮች ፈረሱን በጣሉበት ዘመን፣ በምሥራቅ አፍሪካ ፈረሱ የእንጀራ ጉዳይ ሆኖ ቀጠለ። ቦዳ ቦዳ በ1960ዎቹ በኬንያና በዩጋንዳ ወሰን፣ በቡሲያ፣ በሁለቱ ኬላዎች መካከል ሰውና ዕቃ በብስክሌት ከማመላለስ የተጀመረ ሥራ ነው። ብስክሌቱ በሞተር ተተካ፤ ኬንያ በ2008 ከ250 ሲሲ በታች ለሆኑት ሞተሮች የተጨማሪ እሴት ታክስን ካነሣች ወዲህ ቁጥራቸው እጅግ በዛ። ለኢትዮጵያዊ ባጃጅ ማለት ባለ ሦስት ጎማው ነው፤ ከናይሮቢ እስከ ካምፓላ ግን የዚሁ የህንድ ኩባንያ ስም የሚያያዘው ቦክሰር ከተባለው ባለ ሁለት ጎማ ሞተር ጋር ነው። ቦክሰር ከጎን መቆሚያው ሌላ ማዕከላዊ መቆሚያም አለው።

ይህ መቆሚያ ከቦዳ ቦዳ ነጂ ሕይወት ጋር ያለው ቁርኝት ቀላል አይደለም። ብዙዎቹ ሞተሩን የያዙት በኪራይ ወይም በብድር ነው፤ ሞተሩ ለግማሽ ቀን ቢቆም የዕለቱ ክፍያ አይቆምም። ሰንሰለቱ በጭቃና በአቧራ ስለሚላላ ደጋግሞ መወጠርን ይሻል። በመቆሚያው ላይ ከወጣ በኋላ ነጂው ጎማውን በእጁ እያዞረ ሰንሰለቱ የሚጠብቅበትንና የሚላላበትን ያያል፣ ዘይት ይቀባል፣ የፍሬኑን መለበስ ይመረምራል። ሞተሩን አስነሥቶ በማርሽ እያዞረ ሰንሰለት የሚቀባ ግን ጣቱን ለአደጋ ይሰጣል። ጎማው ቢተነፍስም ራሱ ፈትቶ ለጎሚስታ የሚወስደው ጎማውን ብቻ ነው።

ጭነት ሲበዛ መቆሚያው ራሱ ይደክማል። ቅባት ያላየ መዞሪያ በጭቃ እየተበላ ይሰፋል፤ ሞተሩ ወደ አንድ ጎን ማዘንበል ይጀምራል፤ የኋላው ጎማም ቀስ በቀስ መሬት ይነካል። ያን ጊዜ ነጂው አንድ ቁራጭ ጣውላ ከእግሮቹ ሥር ያደርጋል፤ ሲብስበትም ወደ በያጅ ወስዶ በእግሮቹ ጫፍ ላይ ሁለት ጣት ያህል ብረት ያስቀጥላል።