የተወጋም ሲረሳ

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንላለን። ተረቱ ለተጎዳ ሰው መጽናኛ ነው፤ ሌላው ሁሉ ቢወሰድበት ትዝታው አይወሰድበትም፣ ቀን ሲወጣለት ቆሞ ይመሰክራል የሚል ተስፋ አለበት። ዛሬ የማነሣው ታሪክ ግን ይህ ተስፋ የከሸፈበት ነው። ጉዳቱ የደረሰው በአንጎል ላይ ስለሆነ የተወጋው ሰው መወጋቱን ይረሳል፤ ቢያስታውስም የሚያምነው አያገኝም።

ፖለቲካ በሚነሣበት በዚህ ገጽ ላይ ስለ ስፖርት መጻፌ እንግዳ የሚሆንባችሁ አንባብያን ትኖሩ ይሆናል። እስከ መጨረሻው ከታገሣችሁኝ ግን ነገሩ የሥልጣን ጉዳይ መሆኑን ታያላችሁ፤ ማን ይመሰክራል፣ ማንስ ይታመናል የሚል ጥያቄ ነውና። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1928 ሐሪሰን ማርትላንድ የተባለ የኒው ጀርሲ የአስከሬን ምርመራ ሐኪም በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ ስለ ቦክሰኞች አንድ ጽሑፍ አወጣ። በቦክሱ ዓለም «ቡጢ ያሰከረው» የሚሉት ዓይነት ሰው ነበር፤ መጠጥ ሳይቀምስ እግሩ የሚጎተት፣ ምላሱ የሚተሳሰር፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ውሎ አድሮም አእምሮው የሚደክም። ተመልካቹና አሠልጣኙ ለረጅም ጊዜ ሲያውቁትና ሲስቁበት የኖሩትን ነገር ማርትላንድ ወደ ሕክምና መዝገብ አስገባው። በ1937 ሌላ ሐኪም «ዴሜንሽያ ፑጂሊስቲካ» የሚል የላቲን ስም ሰጠው። በ1973 ደግሞ በእንግሊዝ አገር ኮርሴሊስና ባልደረቦቹ የ15 የቀድሞ ቦክሰኞችን አንጎል መርምረው ጉዳቱን በዝርዝር አሳዩ።

እንግዲህ ዕውቀቱ ነበረ። ነገር ግን ቦክሰኛ በአብዛኛው የድኻ ልጅ ነው፤ መጨረሻውም ከኑሮው የመጣ ተደርጎ ታለፈ። ስሙን ራሱን ልብ በሉት። «የሰከረ» የሚለው ቃል ጥፋቱን ከመቺው አንሥቶ በተመታው ሰው ጠባይ ላይ ይጭነዋል።

እዚህ ላይ ስለ በሽታው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። አንጎል በራስ ቅል ውስጥ በፈሳሽ ተከብቦ የተቀመጠ ለስላሳ አካል ነው። ራስ በድንገት ሲገታ ወይም ሲሽከረከር አንጎሉ ይናጋል፤ የነርቭ ሴሎች ቀጫጭን ክሮች ይለጠጣሉ። ኮንከሽን የምንለው የአንጎል መናጋት ይህ ነው። የራስ ቁር አጥንቱን ከመሰንጠቅ ያድነዋል፤ በውስጡ ያለው አንጎል እንዳይናጋ ማድረግ ግን አይችልም። ምቱ ለዓመታት ሲደጋገም፣ ምንም ምልክት ያላሳየው ትንሹ ምት ሳይቀር ተጠራቅሞ፣ በአንዳንዶች አንጎል ውስጥ ታው የተባለው ፕሮቲን በትናንሽ የደም ሥሮች ዙሪያ ይከማቻል። በሽታው በምህጻረ ቃል ሲቲኢ ይባላል፤ እስከ ዛሬም በእርግጠኝነት የሚታወቀው ሰውየው ከሞተ በኋላ አንጎሉ ሲመረመር ብቻ ነው። በሕይወት ሳለ ከሱ ጋር የሚያያዙት ምልክቶች ቁጣ፣ ድባቴ፣ ራስን መግዛት አለመቻል፣ መርሳት ናቸው። ለጎረቤትና ለዘመድ እነዚህ ሁሉ የጠባይ ብልሽት ይመስላሉ። «ዝናው አሰከረው»፣ «ገንዘቡን በላው»፣ «ቤቱን በተነው» ይባላል።

ማይክ ዌብስተርም እንዲሁ ተባለ። ዌብስተር በአሜሪካ ፉትቦል፣ ማለትም በራስ ቁር በሚጫወቱት የእጅ ኳስ ፍልሚያ፣ ለ17 የውድድር ዘመናት ተሰልፏል። ከፒትስበርግ ስቲለርስ ጋር አራት ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል። ቦታው ኳሷን ወደ ኋላ አቀብሎ በዚያው ቅጽበት ከፊቱ ካለው ግዙፍ ባላንጣ ጋር የሚጋጭበት የመሐል ቦታ ነው። ጨዋታውን ካቆመ በኋላ ሐሳቡን መሰብሰብ ተሳነው፤ ትዳሩ ፈረሰ፣ ገንዘቡ አለቀ፣ በመኪናው ውስጥ እያደረ የሚኖርበት ጊዜ መጣ። በ2002 በ50 ዓመቱ በልብ ሕመም ሞተ።

አስከሬኑ የደረሰው ቤኔት ኦማሉ የተባለ ናይጄሪያዊ ሐኪም ዘንድ ነበር። ኦማሉ በ1968 በቢያፍራ ጦርነት መካከል የተወለደ፣ ለአሜሪካ ፉትቦል ባዕድ የሆነ ሰው ነው። የዌብስተር አንጎል ለዓይን ጤናማ ይመስል ነበር። ሐኪሙ ግን በቀጭኑ አስቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሲያየው ታው ሞልቶበት አገኘው። በ2005 ግኝቱን «ኒውሮሰርጀሪ» በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳተመ።

የሊጉ ምላሽ ምን ነበር? ኤን ኤፍ ኤል በ1994 ስለ ጭንቅላት ጉዳት የሚያጠና ኮሚቴ አቋቁሞ ነበር። ሊቀ መንበሩ የመገጣጠሚያ ሕመም ሐኪም ነበሩ። ይህ ኮሚቴ ጭንቅላቱን ተመትቶ በዚያው ጨዋታ ወደ ሜዳ የሚመለስ ተጫዋች ጉልህ አደጋ እንደሌለበት የሚገልጽ ጽሑፍ ያሳተመ ነው። አባላቱ የኦማሉ ጽሑፍ እንዲሻር ወይም በሚገባ እንዲታረም መጽሔቱን ጠየቁ። የሚያስገርመው፣ የሊጉና የተጫዋቾቹ ወኪሎች የሚቀመጡበት የጡረታ ቦርድ በ1999 ዌብስተር በጨዋታ በደረሰበት የጭንቅላት ጉዳት ለሥራ የማይበቃ መሆኑን ተቀብሎ ነበር። አንዱ እጅ የጉዳት ጡረታ ሲፈርም ሌላው እጅ ጉዳቱን ይክዳል። የቢሮክራሲን ጠባይ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ አዲስ አይሆንበትም።

ከዚህ በኋላ ምስክርነቱን የሰጡት ሙታን ናቸው። ዴቭ ዱርሰን የቺካጎ ቤርስ ዝነኛ ተከላካይ ነበር፤ የቀድሞ ተጫዋቾች የሚያቀርቡትን የጉዳት ጡረታ አቤቱታ ከሚመረምሩት የቦርድ አባላትም አንዱ ሆኖ አገልግሏል። በ2011 በ50 ዓመቱ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ፤ አስቀድሞም አንጎሉ ለምርምር እንዲሰጥ ተማጽኖ ነበር። በምርመራው ሲቲኢ ተገኘበት። የሌሎችን አቤቱታ ሲመዝን የኖረ ሰው የራሱን አቤቱታ ያቀረበው በአስከሬኑ ነው። በ2012 ጁኒየር ሴው በ43 ዓመቱ በተመሳሳይ መንገድ አለፈ፤ በ2013 መጀመሪያ እሱም በሽታው እንደነበረበት ተረጋገጠ። በእርግጥ ማንም ሰው ሕይወቱን የሚያጠፋበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም፤ ጭንቅላቱን የተመታ ሁሉም በዚህ በሽታ አይያዝም። በ2017 የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከመረመሯቸው 111 የሊጉ ተጫዋቾች አንጎሎች በ110ሩ ላይ በሽታውን ሲያገኙ፣ አንጎሎቹ በአብዛኛው ሕመሙን የጠረጠሩ ቤተሰቦች የሰጧቸው መሆናቸውን ራሳቸው አሳስበዋል። ቁጥሩ ስለ ተጫዋቾች ሁሉ የሚናገር አይደለም። ቢሆንም 110 ሰው «ጠባዩ ተበላሸ» ተብሎ የሚታለፍ ቁጥር አይደለም።

በ2016 የሊጉ አንድ ከፍተኛ ኃላፊ በኮንግረስ ፊት ተጠይቀው በጨዋታውና በበሽታው መካከል ግንኙነት መኖሩን አመኑ። ከማርትላንድ ጽሑፍ 88 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ከዚያ በፊት በ2015 አንድ የፌዴራል ዳኛ ሊጉ ለቀድሞ ተጫዋቾች ካሣ የሚከፍልበትን ስምምነት አጽድቀው ነበር፤ እስካሁን ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተከፍሏል። ሊጉ ግን በስምምነቱ ጥፋተኛነቱን አላመነም።

በዚህ ስምምነት ውስጥ የተደበቀው ነገር የዚህን ታሪክ ጠባይ ከሁሉ ይልቅ ይገልጠዋል። አንድ ተጫዋች አእምሮው ምን ያህል እንደተጎዳ ሲለካ፣ ጥቁር ከሆነ የአእምሮ ችሎታው መነሻ ከነጩ ዝቅ ያለ ነው ተብሎ ይሰላ ነበር። ስለዚህ በፈተና እኩል ውጤት ካመጡ ሁለት ሰዎች ነጩ «ተጎድቷል» ሲባል ጥቁሩ «ድሮም እንዲህ ነበር» ሊባል ይችላል። ሁለት ጥቁር የቀድሞ ተጫዋቾች በ2020 ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ሊጉ በ2021 አሠራሩን ለመተው ቃል ገባ። ለውጡም በ2022 በፍርድ ቤት ጸደቀ። በ1928 «ሰክሯል»፣ በዘጠናዎቹ «ባክኗል»፣ ትናንት ደግሞ «ተፈጥሮው ነው»። ቃሉ ይለዋወጣል፤ የሚሠራው ሥራ ግን አንድ ነው፤ ጉዳቱን ከአድራሹ አውጥቶ በተጎጂው ማንነት ላይ ማስፈር።

ይህ የሩቅ አገር ጨዋታ ታሪክ ነው እንዳንል ደግሞ ሁላችን በምንወደው በእግር ኳስም ተመሳሳዩ አለ። ጄፍ አስትል በ1968 የኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ ለዌስት ብሮምዊች አልቢዮን የማሸነፊያውን ግብ ያስቆጠረ፣ በቴስታ የታወቀ አጥቂ ነበር። በ2002 በ59 ዓመቱ አእምሮውን ስቶ ሞተ፤ የአሟሟት መርማሪው የሥራው ጠንቅ ነው ሲሉ ወሰኑ። በ2014 አንጎሉ እንደገና ሲመረመር ሲቲኢ ተገኘበት። በ2019 የግላስጎው ተመራማሪዎች 7,676 የቀድሞ የስኮትላንድ ፕሮፌሽናል ተጫዋቾችን ከሌላው ሕዝብ ጋር አነጻጽረው፣ በአንጎል መመንመን በሽታዎች የመሞት ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ተኩል ያህል መሆኑን አገኙ። በ2021 ባወጡት ተከታይ ጥናት ደግሞ ኳስ በቴስታ እምብዛም የማይመቱት በረኞች ከሌላው ሕዝብ የተለየ አደጋ አልታየባቸውም፤ በተከላካዮች ላይ ግን አደጋው አምስት እጥፍ ያህል ነበር።

ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን ሜዳ አንድ ተከላካይ ከባላንጣው ጋር ራስ ለራስ ተጋጭቶ ሲወድቅ አይቻለሁ። በጀሪካን ውሃ ደፉበት፤ ተነሣ፤ ጥቂት እርምጃ ወደ ተሳሳተው ግብ አቅጣጫ ሄደ። ሰው ሳቀ። ከዚያ ወደ ቦታው ተመልሶ ሲሰለፍ «ጀግና!» እያልን አጨበጨብን። እኔም ከአጨብጫቢዎቹ አንዱ ነበርሁ። የዚያን ቀኑን ጨዋታ ውጤት እሱ ማታውን ያስታውስ እንደሆነ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ዛሬ ልጆቻችን፣ እዚህም በባሕር ማዶም፣ በየሜዳው ይጫወታሉ። ይጫወቱ። ነገር ግን ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ «ደኅና ነኝ» ቢልም በዚያ ቀን ወደ ሜዳ አይመለስ፤ ሐኪም ይየው። «ደኅና ነኝ» የሚለው የተጎዳው አካል ራሱ ነውና ቃሉ አይበቃም። የቀድሞ ጀግና ተቆጥቶ፣ ተክዞ፣ ከሰው ርቆ ስናይም «ተበላሸ» ከማለታችን በፊት ስንት ጊዜ ተመትቶ እንደነበር እንጠይቅ። እሱ ከረሳው እኛ ልናስታውስለት ይገባል።

ቸር እንሰንብት።