ሰካራም ፍለጋ

ጠጋ ጠጋ በሉማ። የዛሬው ጨዋታዬ ሰካራም አጥቶ ስለተጨነቀ ሰው ነው። ምነው፣ ሰካራም ይታጣል እንዴ? ትሉ ይሆናል። ቆይ ስሙኝ።

ጊዜው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር 1935፣ ወሩ ሜይ፣ ዕለቱ ቅዳሜ፤ ቦታው የአሜሪካዋ የጎማ ከተማ አክሮን፣ ኦሃዮ። ቢል ዊልሰን የሚባል የኒውዮርክ የአክሲዮን ሰው አንድ ኩባንያ እጁ ለማስገባት መጥቶ ከሽፎበታል። ባልደረቦቹ ወደ ኒውዮርክ ሲመለሱ እሱ ሜይፍላወር ሆቴል ብቻውን ቀርቷል። ከእንግዳ መቀበያው በአንዱ ወገን ባሩ ደምቋል፤ ሳቁ፣ የብርጭቆው ድምፅ እስከ ውጭ ይሰማል። በሌላው ወገን ስልክና የከተማዋ አብያተ ክርስቲያናት ዝርዝር አለ። ቢል መጠጥ ካቆመ ገና አምስት ወሩ ነው። ገብቼ አንድ ለስላሳ ልያዝና ከሰው ልጫወት አለ በልቡ። ለስላሳ! በዚህ ሰበብ ስንቱ ገብቶ ተሸክመው እንዳወጡት እኛም እናውቃለን።

ቢል ደነገጠና ወደ ስልኩ ሄደ።

ለምን ስልክ? ነገሩ እንዲህ ነው። በኒውዮርክ እያለ ሰካራም ባየ ቁጥር እየያዘ ይሰብክ ነበር፤ ቤቱ ድረስ እያመጣ ያሳድር ነበር። አንድም ሰው አልተወለትም። ተስፋ ሲቆርጥ ሚስቱ ሎይስ፣ አንተ ራስህ ግን እስካሁን አልጠጣህም አለችው። ሐኪሙ ዶክተር ሲልክዎርዝ ደግሞ ስብከቱን ተው፣ መጀመሪያ በሽታው ምን እንደሚያደርጋቸው ንገራቸው ብሎ መክሮታል። በኛም አገር ጠጪ ሲያስቸግር ሽማግሌ ይላካል፣ ቄስ ፊት ይማላል፣ ይገዘታል። ሰውዬው ከልቡ ይምላል፤ ከዚያ አንዱ ወዳጁ «በሞቴ አንዲት ብቻ» ይለዋል። መሐላው ሐሰት አልነበረም፤ ማታ ማታ አብሮት የሚቀመጥ ሰው ግን አልነበረውም።

ቢልም ራሱ እንዳይጠጣ የሚያነጋግረው ሰካራም ፍለጋ ከዝርዝሩ አንድ ቄስ መረጠና ደወለ። ቄሱ ከሰጡት ስም አንዱ ወደ ሌላው እየመራው በመጨረሻ ሄንሪዬታ ሳይበርሊንግን አገኘ፤ የጉድይር ጎማ መሥራች ምራት ናት። ከኒውዮርክ የመጣሁ ሰካራም ነኝ፣ ሌላ ሰካራም ማነጋገር አለብኝ አላት። ሌላ ሰው ስልኩን ጆሮው ላይ ይዘጋበት ነበር። እሷ ግን ለአንድ ወዳጇ ስትጸልይ ስለነበር መልሱ መጣ አለች።

ወዳጇ ዶክተር ቦብ ስሚዝ የቀዶ ጥገና ሐኪም ነው። ብልሃተኛ ጠጪ ነበር፤ አልኮሉን በጸጉር በተለበጠ ጓንት ውስጥ ሸጉጦ፣ ጨለም ሲል ወደ ጓሮ በረንዳ ይወረውርና በኋላ ሄዶ ያነሳዋል። ኦክስፎርድ ግሩፕ ከሚባል የጸሎት ስብስብ ጋር ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ተመላልሷል፤ ከዚያ ወጥቶ ይጠጣል። ሄንሪዬታ ስትደውል ለእናቶች ቀን ትልቅ አበባ ከነማሰሮው ተሸክሞ ገብቶ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ ፎቅ ወጥቶ ተዘርሯል። ቀጠሮው ለነገ ተባለ።

እሑድ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ቦብ ከነሚስቱ ከአን መጣ። እጁ ይንቀጠቀጣል። 15 ደቂቃ ብቻ ብሎ አስምሏታል። ከቢል ጋር አንድ ክፍል ገቡ፤ ሲወጡ ከምሽቱ 5 ሰዓት አልፏል። ቢል አልመከረውም። የራሱን ጉድ ነገረው፤ ሆስፒታሉን፣ ውርደቱን። ቦብ ስለ መጠጥ ብዙ ሰው አነጋግሮታል፤ ኖሮበት የሚያውቅ ሰው ሲያወራው ግን የመጀመሪያው ነው።

ተረት ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ይድን ነበር። ቦብ ግን ለሐኪሞች ጉባኤ አትላንቲክ ሲቲ ሄደና ሰክሮ ተመለሰ። ጁን 10 ቀን ቀዶ ጥገና ነበረው፤ እጁ እንዲረጋ ቢል ራሱ አንድ ጠርሙስ ቢራ አጠጣው። ቀዶ ጥገናው አለቀ፤ ሰዓቱ ነጎደ፤ ቦብ የለም። ቤት ያሉት ጨንቋቸው ቆዩ። ለካ በየአበዳሪውና በየበደለው ሰው ደጅ እየዞረ ይቅርታ ሲጠይቅ ውሏል! ያቺ ቢራ የመጨረሻው ሆነች። አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚባለው፣ ጠጪዎች መጠጥ ለማቆም የሚረዳዱበት ማኅበር ልደቱን የሚቆጥረው ከዚያች ቀን ነው፤ ስሙን ያገኘው ግን በኋላ፣ የማኅበሩ መጽሐፍ በ1939 ሲታተም ነው። ዛሬም ስብሰባው የሚገባ ሰው የአባት ስም አይጠየቅም፣ መዋጮም ግዴታ የለበትም፤ መጠጥ ለማቆም መፈለጉ ይበቃል።

እንግዲህ ሁለቱ ሰዎች ሦስተኛ ፈለጉ። ቦብ ሆስፒታል ደውሎ ለሰካራም የሚሆን ዘዴ አግኝተናል ሲል፣ ነርሷ እርስዎ ራስዎ ሞክረውታል ወይ? ብላ ጠየቀችው። ታውቀዋለቻ! ያም ሆኖ አንድ ጠበቃ አለ አለቻቸው፤ ነርሶች መትቶ አልጋ ላይ የታሰረ። ሄደው አጠገቡ ተቀመጡ። ሌላው ሁሉ የሱን መጠጣት ሲያወራለት ኖሯል፤ እነዚህ የራሳቸውን አወሩ። ከጥቂት ቀን በኋላ ጠበቃው ሚስቱን ጠርቶ ልብሴን አምጪ፣ እንሂድ አላት። ጁላይ 4 ቀን ከሆስፒታል ወጣ፤ እስኪሞት ድረስም አልጠጣም። ቢልና ቦብም አራተኛውን ፍለጋ ተያያዙት።