ውሃ የማትጠጣው ቮልስ

የዚህ መጽሔት አዘጋጅ ኮሚቴ «ስለ ትምህርት ዘመናችን አንድ ታሪክ ጻፍልን» ሲለኝ መጀመሪያ የመጣልኝ የዶርሙና የካፌው ወሬ ነበር። እሱን ግን ባለፉት እትሞች ሌሎች ከእኔ በተሻለ ጽፈውታል። ስለዚህ እኔ የምጽፈው ስለ አንዲት መኪና ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ፋካልቲ የተማረ ሁሉ ያውቃታል፤ የቴርሞዳይናሚክስ መምህራችን ፈዛዛ ሰማያዊ ቮልስ።

ጠዋት ጠዋት ከዎርክሾፑ ግድግዳ አጠገብ ነበር የምትቆመው። ገና በሩን ሳታልፍ ድምጿ ይሰማል፤ «ጋሼ መጡ!» ይባላል፤ ኮሪደር ላይ የተበተነው ሁሉ ወደ ክፍል ይገባል። ቤንዚን በኩፖን በነበረበት በዚያ ዘመን ጋሼ ግማሹን ሳምንት በእግራቸው እየመጡ ኩፖኗን ለቅዳሜ ያቆዩአት ነበር። ቅዳሜ የዎርክሾፕ ቀን ነው፤ መኪናዋም ከማስተማሪያ ዕቃዎቻቸው አንዷ ነበረች።

እኔና እሷ የተዋወቅነው በ1979 ዓ.ም. በፈተና ወረቀት ላይ ነው። የመጨረሻዋ ጥያቄ 10 ነጥብ ነበራት፦ ራዲያተር የሌለው ሞተር ሙቀቱን ለማን ያስረክባል? በምንስ መንገድ? እኔ አንድ መስመር ጻፍኩ። «ለነፋስ፤ መኪናዋ ስትሮጥ ነፋሱ ይመታታል።» 2 ከ10 ሰጡኝ። ቅሬታዬን ይዤ ቢሯቸው ገባሁ።

«አንተ ልጅ፣» አሉኝ፣ «ሞተሯ ያለው ከኋላ ነው። የሚመታት ነፋስ በየት በኩል ነው የሚመጣው? ደግሞስ ቆማ ስትሠራ ማን ያቀዘቅዛታል? ቅዳሜ ቱታህን ለብሰህ ና።»

ቅዳሜ ከሥሯ ገብቼ ተጋደምኩ። በቺንጋ የሚዞረው ማራገቢያ ከዲናሞው ጋር በአንድ ዘንግ ላይ ተቀምጧል። አየሩን ከላይ ስቦ በላሜራ ሳጥን ውስጥ ወደ አራቱ ሲሊንደሮች ይገፋዋል፤ የሲሊንደሮቹ ቀጫጭን ክንፎች ሙቀታቸውን ለአየሩ ይሰጣሉ፤ ከታች ያሉት ላሜራዎች ደግሞ የጋለውን አየር እየመሩ ወደ ውጭ ያወጡታል። በሞተሩ ቤት ዙሪያ የተለበጠው ጎማ የጋለው አየር ተመልሶ ወደ ላይ እንዳይሳብ ይከለክላል። ጋሼ በእርሳስ እየነኩ አንድ በአንድ አሳዩኝና «ራዲያተሯ እነዚህ ላሜራዎች ናቸው» አሉኝ። ማርኬን ግን አልጨመሩልኝም።

በ1982 ዓ.ም. ተመርቄ ስኳር ፋብሪካ ቦይለር ላይ ተመደብኩ። ከሠላሳ ዓመት በላይ እዚያው ቆየሁ። አዲስ አበባ በመጣሁ ቁጥር «ነገ ጋሼን እጠይቃለሁ» እላለሁ፤ ነገ ሥራ ይጠራኛል። ጡረታ መውጣታቸውን ሰማሁ፣ ከዚያ መታመማቸውን። የሄድኩት በ2014 ዓ.ም. ክረምት ለለቅሶ ነው። ይህን ስጽፍ አሁንም ያሳፍረኛል።

ድንኳኑ ከተተከለበት ግቢ ጥግ ላይ ቮልሷን አየኋት። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ቆማለች። ባለፈው ክረምት የግንብ አጥሩ ዝናብ አርሶት ተንዶባት ጣሪያዋ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ የፊት ኮፈኗ ተጨራምቷል፣ መስታወቷ ረግፏል። ከአርባው በኋላ ተመልሼ ስሄድ ባለቤታቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ልጄ፣ በኪሎ ሊገዙኝ የመጡ አሉ» አሉኝ። «አጥሩን ማስጠገኛ ይሆነኝ ነበር። ግን ለብረት ሸጥኳት ብል አጥንቱ እሾህ ሆኖ ይወጋኛል።»

«እትዬ፣ እኔ ልውሰዳት» አልኩ። «ሠርቼ እመልስልዎታለሁ። አጥሩንም ተማሪዎቹ እናሠራለን።» አጥሩ በሦስት ሳምንት አለቀ። መኪናዋ ሁለት ዓመት ወሰደች።

ስለ መኪናዋ ከመቀጠሌ በፊት ስለ ዘመኗ ጥቂት ልበል። ወደ አገራችን አውቶሞቢል የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ ከጅቡቲ ተነስቶ በየብስ ለዐፄ ምኒልክ አመጣው። መንገዱና ጋራዡ በብዛት የተከተሉት ግን በ1928 ዓ.ም. ከጣሊያን ወረራ ጋር ነው። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ የጭነት መኪኖቹንና ቃላቱን ትቶልን ሄደ። ዛሬም አንድ የአዲስ አበባ መካኒክ ጀርመን የሠራውን መኪና በጣሊያንኛ ነው የሚፈታው፦ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ካቻቢቴ፣ ቸርኬ፣ ከመነዳሪ። እኔም ዲግሪዬን በእንግሊዝኛ ተምሬ ሥራውን የሠራሁት በእነዚሁ ቃላት ነው።

ቮልስን የነደፈው ፈርዲናንድ ፖርሽ ነው። የፋብሪካው የመሠረት ድንጋይ የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1938 በናዚዎች ዘመን ሲሆን፣ ከጦርነቱ በኋላ ፍርስራሹን አስነስቶ መኪና እንዲያመርት ያደረገው አይቫን ኸርስት የሚባል የእንግሊዝ ጦር ሻለቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1972 ከፋብሪካ የወጣችው 15,007,034ኛዋ ቮልስ የፎርድን ሞዴል ቲ የምርት ክብረ ወሰን ሰበረች። የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ስትወጣ ጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን አልፎ ነበር።

ለእኛ አገር የተስማማችበት ምክንያት ምስጢር የለውም። ዳገት ላይ የሚፈላ ውሃ የላትም። ሞተሯ በሚነዱት ጎማዎች ላይ ስለሚጫን ጭቃ ውስጥ ትቆነጥጣለች። ሞተሩን ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የያዙት አራት ብሎኖች ብቻ ናቸው፤ ሁለት ሰው ከሰዓት በኋላ አውርዶ መልሶ ይሰቅለዋል። አስተማሪ፣ ሐኪም፣ ሚስዮናዊ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነዳት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ወርደው ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱትም በቮልስ ነው። ከዚያ በኋላ የጋሼ ባልደረቦች «ንጉሥ ያወረደች መኪና» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር አሉ። እሳቸው ደግሞ «እሷ አላወረደቻቸውም፤ የጫነቻቸው ናት» ብለው ይመልሱ ነበር።

አሁን ወደ ኮተቤ፣ ወደ ጓሮዬ ልመለስ። ዎርክሾፕ የምለው ከሰርቪስ ቤቱ ፊት በአራት ቋሚ ላይ የተሠራ የቆርቆሮ ጥላ ነው። መጀመሪያ የኋላ ወንበሯን አንስቼ የሻንሲ ቁጥሯን ፈለግኩ። ቁጥሩ የሚገኘው መሐል ለመሐል በሚያልፈው ቱቦ ላይ ነው፤ ዝገቱን ስጠርገው 115 ብሎ ይጀምራል። 11 ዓይነቷን፣ 5 የ1965 ሞዴል መሆኗን ይናገራል። ሊብሬዋ ደግሞ 1958 ይላል፤ በእኛ አቆጣጠር ማለት ነው። ሁለቱ ተስማሙ፤ ጋሼ ከሌላ ሰው በ1962 ሲገዟት ገና የአራት ዓመት መኪና ነበረች። 1,192 ሲሲ፣ 34 የፈረስ ጉልበት፣ 6 ቮልት።

ቦዲዋ ከወለሏ ጋር በብሎን የታሰረ ስለሆነ ስድስት ጎረቤቶች ተጠርተው እንደ አልጋ ብድግ አደረጉልኝ። ያኔ ጉዱ ታየ። ባትሪዋ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር በስተቀኝ ነው፤ የባትሪው አሲድ ወለሉን በልቶ እጄ ያልፋል። የበሰበሰውን ቆርጬ አዲስ ላሜራ ልበይድ ስል በኤሌክትሪክ ብየዳው ስሱን ብረት ወንፊት አደረግኩት። አንድ አንጋፋ የላሜራ ባለሙያ ለምኜ አመጣሁ። ጉድጓዶቹን አይተው ሳቁና «ኢንጂነር፣ ቦይለር መሰለህ እንዴ? ነጥብ አድርግ፣ ተወው ይቀዝቅዝ፣ ወዲያ ማዶ ሄደህ ሌላ ነጥብ አድርግ» አሉኝ። ወለሉ በዚህ ዓይነት ሁለት ወር ፈጀ፤ መብራት የጠፋባቸውን ቀናት ሳልቆጥር።

ጣሪያውን እሳቸው ራሳቸው ነው የሠሩት። ከውስጥ ብረት ደግፈው፣ ከላይ በመዶሻ ቀስ እያሉ። የተለጠጠው ላሜራ አልመለስ ሲል በእሳት ያቀሉትና በእርጥብ ጨርቅ ድንገት ያቀዘቅዙታል፤ ብረቱ ይሰበሰባል። ይህን ነገር ክፍል ውስጥ በቀመር ተምሬዋለሁ፤ በዓይኔ ሳየው ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ከግራው ፓራፋንጎ ላይ ስቱኮውን ስናነሳ ሦስት ቀለም ተደራርቦ አገኘን፤ ከሁሉም ሥር ያ ፈዛዛ ሰማያዊ አለ። የቀባናት እሱን ነው።

ሞተሩ ደርቆ ነበር። በናፍጣና በዘይት ለአሥር ቀን ነክሬ ፈታሁት። የቮልስ ሲሊንደሮች እያንዳንዳቸው ለብቻ ስለሚወጡ አዲስ ፒስተንና ሲሊንደር ባለ 77 ሚሊ ሜትር ፍለጋ ሶማሌ ተራ ስመላለስ ከረምኩ። አንዱ ባለ ሱቅ ከመደርደሪያ ጀርባ አቧራ የጠጣ ካርቶን አውጥቶ ሰጠኝ። 6 ቮልቱን ወደ 12 ቀየርኩት፤ አምፖሉ አልተገኘማ። አሮጌው ዲናሞ ግን ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

ከዚያ ጥፋቴ መጣ። ከሲሊንደሮቹ ሥር የነበሩት ላሜራዎች በዝገት አልቀው፣ ዙሪያው ጎማም ፈርሶ ነበር። የሚያግዘኝ ወጣት መካኒክ «ኢንጂነር፣ ይሄ ትርፍ ነገር ነው፤ ብዙ ቮልስ ላይ የለም፣ ይተዉት» አለኝ። እኔም ለመንዳት ቸኩዬ «ተወው» አልኩ። በየካቲት አንድ እሑድ ጠዋት ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ወጣኋት። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ከጥቂት ጥምዝ በኋላ የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ፤ ጉልበቷ ከዳ፤ የዘይት መብራቷ ቦግ እልም አለ። ጥግ ሳልይዝ ሞተሩ ነክሶ ቀጥ አለ።

ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሳለ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ከላይ ወረዱ። አንዷ ሸክሟን ሳታወርድ ቆም ብላ «ጋሼ፣ ውሃ እናምጣልዎት? ከዚህ በታች አለ» አለችኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ውሃ አትጠጣም» አልኳት። አዘነችልኝ መሰለኝ፤ ራሷን ነቅንቃ ሄደች።

ፈተናው ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። አንተ ልጅ፣ ቆማ ስትሠራ ማን ያቀዘቅዛታል? ዕድሜዬን ሙሉ ከሙቀት ጋር ስሠራ ኖሬ፣ ጋሼ በእርሳሳቸው እየነኩ ያሳዩኝን ላሜራ «ትርፍ ነው» ሲሉኝ አምኜ ተውኩት። እንደገና 2 ከ10። ሞተሩን ስፈታው የነከሰው ሦስተኛው ፒስተን ነበር። በዚያ ሞተር ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው የሚቆመው በሦስተኛው ሲሊንደር የአየር መንገድ ላይ ስለሆነ ሦስተኛው ከሌሎቹ የሞቀና ያነሰ አየር ነው የሚደርሰው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው እሱ ነው። በዚያ ላይ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ሲነጻጸር በሩብ ያህል ይሳሳል። የሳሳ አየር ጉልበት ይቀንሳል፣ ማቀዝቀዝም ይቀንሳል። እንዲህ ባለ አገር ትርፍ ላሜራ የለም።

ለአንድ ወር ያህል ሳልነካት ቆየሁ፤ እውነቱን ለመናገር እትዬን ስልክ ማንሳትም ፈርቼ ነበር። በመጨረሻ ደውዬ የሆነውን ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «እሱም አንዴ እንጦጦ ላይ አቃጥሏታል፤ ላንተ አልነገረህም?» አሉኝ። አልነገሩኝም ነበር። ስልኩን ዘግቼ ወደ ጥላው ተመለስኩ።

ላሜራዎቹን በካርቶን ልኬ፣ ከአሮጌ በርሜል ቆርጬ ሠራኋቸው። የሞተሩን ቤት ዙሪያ በከመነዳሪ ጎማ አሰርኩት። ካርቡራተሩ ውስጥ ያለውን የቤንዚን ማንጠባጠቢያ ለሳሳው አየር እንዲስማማ በጠበበ ቀየርኩት። ወጣቱ መካኒክ እያንዳንዷን ላሜራ ራሱ እንዲያስር አደረግኩ፤ ለምን እንደሆነም በእርሳስ እየነካሁ ነገርኩት። በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ሁለታችንም ተሳፍረን ከ3,000 ሜትር በላይ፣ እንጦጦ ማርያም ደጃፍ ድረስ ሳትቆም ወጣች። ሞተሩን ሳጠፋ እጄን ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር በኩል አስጠጋሁ። ትሞቃለች፤ ግን እንደ እህቶቿ ነው።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ነገሩ ለከተማው አየር ደግ ሊሆን ይችላል፤ ክርክሩን ለባለሙያዎቹ እተወዋለሁ። ግን ከእንግዲህ ያሉን ቮልሶች ያሉን ናቸው። ሲበላሹ በኪሎ ከተሸጡ፣ አያቶቻችን በሙሉ ልብ የፈቷቸውና የገጠሟቸው ማሽኖች በፎቶግራፍ ብቻ ይቀራሉ።

እትዬ መኪናዋን መልሰው አልወሰዱም። «የተማሪዎቹ ናት» ብለው ለክፍሉ እንድትሰጥ ፈቅደዋል። ስለዚህ አሁን እያስተማራችሁ ላላችሁ መምህራን የምለምነው አንድ ነገር አለ፤ ከመስታወት ጀርባ አታስቀምጧት። ኮፈኗን ክፈቱና ልጆቹን ከሥሯ አስገቧቸው፤ ያችን የ10 ነጥብ ጥያቄም ጠይቋቸው። የጋሼን መኪና በዎርክሾፑ ግድግዳ አጠገብ ያነሳችሁት ፎቶግራፍ ያላችሁ የዘመኔ ልጆች ደግሞ ለኮሚቴው ብትሰጡ ከሊብሬዋ ጋር ይቀመጣል።

በመገናኛው ቀን ጠዋት እትዬን ይዣቸው እመጣለሁ። በሩ ላይ ድምጿን ስትሰሙ እንደ ድሮው ወደ ክፍል አትሩጡ። መንዳት የሚፈልግ ካለ ቁልፉ እኔ ጋ ነው፤ ሁለተኛ ማርሽ ስታስገቡ ብቻ ቀስ በሉ፣ ትንሽ ያስቸግራል።