የልብ ደም ቧንቧ ዳግም ጥበት፦ የሆርሞኖች ሚና

የልብ ደም ቧንቧ ዳግም ጥበት ማለት በባሉን ወይም በስቴንት (ቧንቧውን ከፍቶ በሚይዝ ጥልፍልፍ ቱቦ) የተከፈተ፣ የልብን ጡንቻ የሚመግብ ቧንቧ ተመልሶ ሲጠብ ነው። በምስል ምርመራ ከቧንቧው ስፋት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ከጠበበ ዳግም ጥበት ይባላል። ችግሩ ጎልቶ የታየው አንድሪያስ ግሩንትዚግ እ.ኤ.አ. በ1977 ዙሪክ ውስጥ የባሉን ሕክምናን ከጀመረ በኋላ ነው።

ባሉኑ የቧንቧውን ውስጠኛ ሽፋን ሲያቆስል ልሙጥ የጡንቻ ሕዋሳት ይባዛሉ፤ ወደ ውስጥ ፈልሰውም ጠባሳ ይሠራሉ። ሆርሞኖች የሚገቡት እዚህ ላይ ነው። አንጂዮቴንሲን 2 የሕዋሳቱን እድገት ያነሳሳል። ሆኖም የዚህን ሆርሞን ምርት የሚቀንሰው ሲላዛፕሪል እ.ኤ.አ. በ1992 በታተመው የመርካተር ጥናት ዳግም ጥበትን አልከላከለም። ኢስትሮጅን በእንስሳት ሙከራ ጠባሳውን ቢያሳንስም፣ ለሰው የመከላከያ ሕክምና አልሆነም። በሕክምና ላይ ከሁሉም የሚከብደው የኢንሱሊን መዛባት ነው፤ የስኳር ሕመምተኞች ከሌሎች ይበልጥ ለዳግም ጥበት ይጋለጣሉ። እንደ ሲሮሊመስ ያለ መድኃኒት የሚለቁ ስቴንቶች አደጋውን በእጅጉ ቀንሰዋል።

በኢትዮጵያ የልብ ቧንቧ የመክፈት ሕክምና በአብዛኛው አዲስ አበባ ላይ የተከማቸ ነው። ለምሳሌ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ከሚሴ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ትገኛለች። ስለዚህ ታክሞ ለተመለሰ የዞኑ ነዋሪ የደም ስኳርና የደም ግፊት ክትትሉ በአቅራቢያው ጤና ተቋም መቀጠል አለበት፤ የደረት ሕመም ካገረሸም ሳይዘገይ ይመርመር።