አውራንጋባድን የቆረቆረው የእኛ አገር ሰው



ህንድን ብዙዎቻችን የምናውቃት በፊልሟ ነው። ዕድሜያችሁ ገፋ ያለው ደግሞ በየትምህርት ቤታችን ያስተምሩ የነበሩትን ህንዳውያን መምህራን ታስታውሳላችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ግን ከእኛ ወደ እነሱ ስለ ሄደ ሰው ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምናገረው በፈረንጅ አቆጣጠር ነውና ልብ በሉልኝ።

በምዕራብ ህንድ አውራንጋባድ የተባለች ከተማ አለች። በ2023 ስሟ ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ተብሎ ተለውጧል፤ በታሪክ የታወቀችው ግን በፊተኛው ስሟ ነው። ጎብኚ እዚያ ሲደርስ ቀድሞ የሚያየው የሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት የአውራንግዜብ ሚስት የተቀበረችበትን ነጭ ሕንፃ ነው። ታጅ ማሃልን ይመስላል፤ እውነትም ያምራል። ታዲያ ከተማዋን የቆረቆራት ማን ነው? ሙጋሎች አይደሉም።

ከኢትዮጵያ ምድር ተሸጦ የሄደ ልጅ ነው። በ1548 ገደማ ተወለደ፤ የልጅነት ስሙ ቻፑ ነበር ይባላል። ኦሮሞ ነው የሚሉ አሉ፤ ከምባታ ነው የሚሉም አሉ። ባሪያ ነጋዴዎች ባሕር አሻግረው ወሰዱት፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ባግዳድ ደረሰ። እዚያ ፊደል ቆጠረ፣ አምባር የሚል ስምም ወጣለት። (የዓረብኛ ስም ነው፤ ከእጃችን አምባር ጋር አይገናኝም።) በኋላ የአሕመድናጋር መንግሥት ትልቅ ሹም ገዛው። የሚገርመው፣ ገዢውም ራሱ ቀድሞ ባሪያ የነበረ ሐበሻ ነው! ጌታው ሲሞት አምባር ነጻ ወጣ፣ ወታደር አሰባሰበ፤ ሙጋሎች በ1600 ዋና ከተማውን ሲይዙ እሱ ሌላ ንጉሥ አንግሦ አገሩን በእንደራሴነት ያስተዳድር ጀመር።

ሙጋሎች ጦርም ገንዘብም ሞልቷቸው ነበር። አምባር ፊት ለፊት አይገጥማቸውም፤ በፈጣን ፈረሰኛ ስንቃቸውን እየቆረጠ ያስጨንቃቸዋል። ንጉሠ ነገሥት ጃሃንጊር የአምባርን የተቆረጠ ራስ በቀስት ሲወጋ የሚያሳይ ሥዕል አስሏል። በሥዕል እንጂ በእውን አልሆነለትም።

ከተማዋን የቆረቆራት በ1610 ሲሆን ስሟ ያኔ ኺርኪ ነበር። ሰው እንዲሰፍርባት ውሃ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከሰሜን ኮረብቶች ሥር ውሃውን ሰብስቦ ከመሬት በታች በተሠራ ቦይ አስመጣው። ሞተር የለ፣ ፓምፕ የለ! ውሃው በራሱ ቁልቁል እየወረደ ነው የሚመጣው። በአዳማ ፀሐይ ጀሪካን ይዛችሁ ወረፋ የጠበቃችሁ እናቶቼ፣ የዚህን ትርጉም ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።

ሙጋሎች በ1616 ከተማዋን አቃጠሏት፤ እሱ መልሶ ሠራት። በ1626 ሞተ። በ1653 አውራንግዜብ መጥቶ በራሱ ስም ጠራት፤ ስሙን ለወጠ እንጂ ውሃውንማ ያንኑ ጠጣ። የአምባር ቦይ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን ከተማዋን ሲያጠጣ ኖሯል።

የእሱ ስም ሊደርሰን የቻለው በየቤተ መንግሥቱ የሚጽፉ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው፤ ጠላቶቹ ሳይቀሩ ጽፈውታል። በዚያው መንገድ የተነዱት የሌሎቹ ብዙ ልጆች ስም ግን የተጻፈበት ወረቀት የለም።

በሉ፣ አሁን ደብተራችሁን አውጡ። የዛሬው ቃላችን አራት ፊደል ነው፦ አ፣ ም፣ ባ፣ ር። ከሥሩ ደግሞ የራሳችሁን ስም ከነአባታችሁ ጻፉ።