ሳይገድሉ ማየት፦ የዲ ኤን ኤ አጠቃለልና የፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ታሪክ

በአንድ የሰው ሕዋስ ውስጥ ያለው ዲ ኤን ኤ ተተርትሮ ቢዘረጋ ርዝመቱ 2 ሜትር ያህል ይሆናል። ይህን ሁሉ ክር የያዘው ኒውክሊየስ ግን ስፋቱ በአብዛኛው ከአንድ ሚሊሜትር መቶኛ እጅ አይበልጥም። ፈታይ ሴት የፈተለችውን ጠቅልላ ልቃቂት ታደርገዋለች፤ በፈለገችም ጊዜ ጫፉን ይዛ ትተረትረዋለች። የሕዋስ ሥራ ከዚህ ይከብዳል። ክሩን መጠቅለል ብቻ ሳይሆን፣ ከመካከሉ የሚፈልገውን ስፍራ ለይቶ መክፈት፣ ማንበብና መልሶ መዝጋት ይኖርበታል። የጉበት ሕዋስ ጉበት፣ የነርቭ ሕዋስም ነርቭ ሆኖ የሚኖረው አንዱ ክፍል ተከፍቶ ሌላው ተዘግቶ በመቆየቱ ነው። ይህ ሥርዓት ሲፋለስ ደግሞ ካንሰርን የመሳሰለ በሽታ ይከተላል።

ይህ አጠቃለል ምን እንደሚመስል ለማወቅ የተደረገው ጥረት ከመቶ ዓመት በላይ ከአንድ ችግር ጋር ሲታገል ኖሯል፤ ይኸውም ሕዋሱን ለማየት ሕዋሱን መግደል ማስፈለጉ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የስዊስ ተወላጁ ሐኪም ፍሪድሪክ ሚሸር በ1869 በጀርመን አገር በቱቢንገን ከተማ፣ ከቁስል ፋሻ ካጠበው መግል ዛሬ ዲ ኤን ኤ የምንለውን ነገር ለይቶ አወጣ። ከዚያ በኋላ ቫልተር ፍሌሚንግ ሕዋሳትን በአኒሊን ቀለም እየነከረ በኒውክሊየስ ውስጥ ያሉትን ክሮች ተመለከተ፤ ቀለም አጥብቀው ስለሚይዙም ክሮማቲን የሚል ስም ሰጣቸው። በ1882 ባሳተመው መጽሐፍም የሕዋስን አከፋፈል በዝርዝር ገለጸ። ይሁን እንጂ ቀለሙ እንዲይዝ ሕዋሱ አስቀድሞ በአሲድና በመሳሰሉት ተገድሎ መጽናት ነበረበት። እንግዲህ የታዩት ክሮች የሕዋሱ ናቸው ወይስ ኬሚካሉ የፈጠራቸው? ፍሌሚንግ የሳላማንደር እጮችን ሕያዋን ሕዋሳት ጭምር እየተመለከተ ሁለቱን ማነጻጸሩ ከዚህ ጥርጣሬ የሚያድን ጥንቃቄ ነበር። ዳሩ ግን በሕያው ሕዋስ ውስጥ ክሮቹ እጅግ ደብዛዛ ነበሩ።

መፍትሔው የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በ1852 እንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው ጆርጅ ጋብርኤል ስቶክስ፣ የወባ መድኃኒት የሆነው ኩዊኒን የተሟሟበት ውሃ በዓይን የማይታየውን አልትራቫዮሌት ጨረር ተቀብሎ ሰማያዊ ብርሃን እንደሚመልስ አስረዳ፤ ይህንንም ጠባይ ፍሎረሰንስ አለው። ኋላ ይህ ጠባይ በማይክሮስኮፕ ሥራ ላይ ሲውል፣ በጨለማ መደብ ላይ የሚፈለገው ነገር ብቻ እንደ ኮከብ በርቶ ይታይ ጀመር።

እዚህ ላይ ለእኛ አገር አንባቢ ቅርብ የሆነ ነገር አለ። የዲ ኤን ኤ ቀለም ሆነው ከታወቁት ውሁዶች በርካታዎቹ የተገኙት ለበሽታ መድኃኒት ሲፈለግ ነው። ካስፐርሶንና ባልደረቦቹ በስቶክሆልም በ1968 የዕፅዋትን፣ ወዲያውም የሰውን ክሮሞሶሞች በዝንጉርጉር መስመር ለይተው ያሳዩት ከወባ መድኃኒቱ ከኩዊናክሪን በተገኘ ውሁድ ነበር። ኤቲዲየም ብሮማይድ በአፍሪካ ከብቶች የሚታከሙበት የገንዲ መድኃኒት ነበር። በ1971 በጀርመን በኦቶ ዳን ላቦራቶሪ የተሠራው ዳፒ የተባለው ቀለምም የታሰበው ለዚሁ ለትሪፓኖሶማ በሽታ ነው። መድኃኒት መሆኑ ቀርቶ፣ ከዲ ኤን ኤ ጋር አጥብቆ በመጣበቁ በዓለም ላቦራቶሪዎች ሁሉ የሚገኝ ቀለም ሆነ።

በ1974 ሮጀር ኮርንበርግ የክሮማቲንን መሠረታዊ አሃድ አብራራ፤ ዶናልድና አዳ ኦሊንስም በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በክር ላይ የተሰካ መቁጠሪያ የሚመስል መልክ አሳዩ። ኑክሊዮሶም የተባለው ይህ አሃድ 147 ጥንድ ቤዞች ያሉት ዲ ኤን ኤ በስምንት የሂስቶን ፕሮቲኖች ላይ የተጠመጠመበት ነው። ከዚህም በላይ መቁጠሪያው ተጠምዝዞ 30 ናኖሜትር የሚወፍር ገመድ ይሠራል የሚል አሳብ ተስፋፋ፤ ሥዕሉም በመማሪያ መጻሕፍት ሁሉ ታተመ፤ መምህራንም በሰሌዳ ላይ እየሣልን ለደቀ መዛሙርታችን አስተማርነው።

ሕያው ሕዋስን የመመልከቻው በር የተከፈተው በአንዲት የባሕር ፍጥረት ነው። ኦሳሙ ሺሞሙራ በ1962 ከጄሊፊሽ አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን ማግኘቱን ገለጸ። ዳግላስ ፕራሸር በ1992 የፕሮቲኑን ጂን ለይቶ አወጣ፤ የምርምር ገንዘብ ሲቋረጥበትም ጂኑን ለማርቲን ቻልፊና ለሮጀር ቺየን ላከላቸው። ቻልፊ በ1994 ጂኑ በባክቴሪያና በትል ውስጥ ብርሃን እንደሚሰጥ አሳየ፤ ቺየንም አሻሽሎ በልዩ ልዩ ቀለም አበዛው። በ2008 ሺሞሙራ፣ ቻልፊና ቺየን የኖቤል ሽልማት ሲቀበሉ፣ ፕራሸር በአላባማ የመኪና መሸጫ ደንበኞችን በመኪና ያመላልስ ነበር። ኋላ ወደ ላቦራቶሪ ቢመለስም፣ ታሪኩ ዕውቀት በልግስና ሲሰጥ ሰጪው ሊዘነጋ እንደሚችል ያስታውሰናል።

በ1998 ካንዳ፣ ሰሊቫንና ዋል ይህን ፕሮቲን ኤች 2 ቢ ከተባለው ሂስቶን ጋር አጣምረው በሒላ ሕዋሳት ውስጥ አስገቡ። ሕዋሳቱ ሳይሞቱ ተከፋፈሉ፤ ክሮሞሶሞችም ሲሰበሰቡና ሲለያዩ ያለ ሌላ ቀለም ታዩ። ሒላ የሚባሉት ሕዋሳት በ1951 ከሞተችው ከሄንሪየታ ላክስ ያለ ፈቃዷ የተወሰዱ መሆናቸውንም ማስታወስ ተገቢ ነው።

ይሁን እንጂ ማየት ብቻ አልበቃም። ኤርንስት አቤ በ1873 እንዳስረዳው ተራ የብርሃን ማይክሮስኮፕ ከ200 ናኖሜትር ገደማ በታች የተቀራረቡ ነገሮችን አይለይም፤ ኑክሊዮሶም ደግሞ ስፋቱ 11 ናኖሜትር ያህል ነው። ስለሆነም ተመራማሪዎች በዘዴ ተጠቀሙ። አንደኛው ዘዴ የኒውክሊየሱን ጥቂት ስፍራ በሌዘር አደብዝዞ ብርሃኑ በምን ያህል ጊዜ እንደሚመለስ መለካት ነው። በ2000 ሚስቴሊና ባልደረቦቹ፣ ክሩን እንደ መዝጊያ ይይዛል የተባለው ሂስቶን ኤች 1 በደቂቃዎች ውስጥ ስፍራውን እየለቀቀ በሌላ እንደሚተካ በዚህ ዘዴ አሳዩ። ኪሙራና ኩክ ደግሞ በ2001 ኤች 3 እና ኤች 4 በአብዛኛው ለሰዓታት ከስፍራቸው እንደማይነቃነቁ አረጋገጡ። ሁለተኛው ዘዴ በሁለት ቀለም በተለዩ ሂስቶኖች መካከል የሚተላለፈውን ኃይል መለካት ነው። ኃይሉ የሚተላለፈው ከ10 ናኖሜትር ገደማ በታች ሲቀራረቡ ብቻ ስለሆነ፣ ሌሬስና ባልደረቦቹ በ2009 የክሮማቲንን መጥበቅና መላላት በሕያው ሕዋስ ውስጥ ለመለካት ቻሉ።

የ30 ናኖሜትሩ ገመድስ? በ2017 ኡና ባልደረቦቹ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በጸኑ ሕዋሳት ውስጥ ያገኙት ከ5 እስከ 24 ናኖሜትር የሚወፍር ሥርዓት የሌለው ሰንሰለት ነበር። በዚያው ዓመት ኖዛኪ፣ ማዬሺማና ባልደረቦቻቸው በሕያው ሕዋስ ውስጥ ነጠላ ኑክሊዮሶሞችን ተከታትለው፣ በጉብታ መልክ ተሰብስበው ሳለ ያለ ዕረፍት እንደሚወዛወዙ አሳዩ። በ2022 ደግሞ በአይጥ ሽል ግንድ ሕዋሳት አንድ የታወቀ የዲ ኤን ኤ ቀለበት ሁለት ጫፎች በብርሃን ተለይተው ሲታዩ፣ ሙሉ በሙሉ ተገናኝተው የተገኙት ከጊዜው ከ3 እስከ 6 በመቶ ብቻ ነው፤ ግንኙነቱም ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ያህል ይቆያል። በመጽሐፍ ላይ እንደ ቋሚ ቋጠሮ የተሣለው ነገር በሕይወት ውስጥ የሚታሰርና የሚፈታ ሆነ።

ይህ ማለት ግን ብርሃን ዋጋ አያስከፍልም ማለት አይደለም። ጨረሩ ራሱ ዲ ኤን ኤን ይጎዳል፤ የተጨመረው ፕሮቲንም የሕዋሱን ጠባይ ሊለውጥ ይችላል። ስለዚህ ጠንቃቃ ተመራማሪ ብርሃኑን ቀንሶ ይሠራል፤ ሕዋሱ ከዚያ በኋላ በደኅና መከፋፈሉንም ሳያረጋግጥ ያየውን አያምንም። በዚህ ረገድ ከፍሌሚንግ ዘመን ብዙ አልራቅንም። እርሱ የጸናውን ከሕያው ጋር እንዳነጻጸረ፣ እኛም ያማረ ሥዕል በፊታችን ሲቀርብ ሕዋሱ በምን ሁኔታ ሳለ እንደታየ ልንጠይቅ ይገባናል። ያንን የገመድ ሥዕል በሰሌዳ ላይ ለዓመታት የሣልን ሁሉ፣ ለደቀ መዛሙርታችን ከሥዕሉ ይልቅ ይህን ጥያቄ ብናወርሳቸው ይጠቅማቸዋል።