በእጅ ስልክ የሚሰጡ አገልግሎቶች አሠራርና አጠቃቀም

በፒያሳና በአጠቃላይ በአራዳ ክፍለ ከተማ የሚኖር ተገልጋይ ባለበት ሆኖ በእጅ ስልኩ ክፍያ መፈጸም ይችላል። ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር ለዚህ ሁለት መንገዶች አሉት። ስማርት ስልክ ያለው መተግበሪያውን ይጠቀማል፤ ተራ ስልክ የያዘ ደግሞ *127# በመደወል ያለ ኢንተርኔት ይስተናገዳል።

ኮምፒውተር ከዕለት ተዕለት ኑሮ ጋር ተዋህዶ በየቦታው እንደሚገኝ አሜሪካዊው ተመራማሪ ማርክ ዋይዘር እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው ጽሑፍ አመልክቶ ነበር። አገልግሎቱ በእርግጥ በየቦታው የሚደርሰው ግን በተራው ስልክ ላይም ሲሠራ ነው።

የሁለቱ መንገዶች ዲዛይን ይለያያል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከተካተተ ወዲህ መተግበሪያዎች አማርኛን በስፋት ማስተናገድ ችለዋል። በአጭር ቁጥር የሚላክ አንድ መልእክት ግን በላቲን ፊደል እስከ 182፣ በግዕዝ ፊደል እስከ 80 ምልክቶች ብቻ ይይዛል። ስለዚህ የአማርኛ ምርጫዎች አጭርና ግልጽ ሆነው መዘጋጀት ይኖርባቸዋል። ምርጫው ካልተነበበለት ተገልጋዩ ስልኩንና የሚስጥር ቁጥሩን ለሌላ ሰው አሳልፎ ለመስጠት ይገደዳል፤ ይህም ገንዘቡን ለአደጋ ያጋልጣል።

በመሆኑም ተገልጋዮች፦
• መተግበሪያን ከታወቀ የመተግበሪያ መደብር ብቻ ማውረድ፣
• ክፍያ ከማጽደቅ በፊት የተቀባዩን ስምና የገንዘቡን መጠን ማረጋገጥ፣
• እገዛ ሲጠይቁም የሚስጥር ቁጥሩን ራሳቸው ማስገባት፣ ለወኪልም ቢሆን አለመንገር ይጠበቅባቸዋል።